ባዶውን ኮንቴይነር ጅማ ላይ ቡና መሙላት ለምን አልተቻለም?

የጎማ ቡና (አጋሮ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አካባቢ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለን። የላኪነት ፈቃድ አውጥተን ቡናችንን በራሳችን ስም ለውጭ ገበያ ማቅረብ ጀምረናል። ዘንድሮ የገቢውም የወጪውም ጣጣ በአንድ ወቅት ስለተገናኘብኝ ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ እፈልጋለሁ።

በገቢው በኩል፣ አዲስ የቡና መፈልፈያ ማሽን አዝዘን ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል፤ ግን ሊወጣ አልቻለም። ሻጩ በኢንቮይሱ ላይ ማሽኑን በአንድ መስመር ጽፎታል። በፓኪንግ ሊስቱ (በዕቃ ዝርዝሩ) ላይ ደግሞ ሞተሩን፣ ከበሮውንና ወንፊቱን ለየብቻ ዘርዝሯል። የዝርዝሩ ክብደት ሲደመርም ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (አጓጓዡ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ) ላይ ካለው ቁጥር ጋር አይገጥምም። እስኪስተካከል ድረስ የወደቡ የማከማቻ ክፍያ ይቆጥራል፤ የኮንቴይነሩ ባለቤት የሆነው የመርከብ ድርጅትም በራሱ በኩል ይቆጥራል።

በወጪው በኩል ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቡናውን በጆንያ ጭነን አዲስ አበባ እንወስዳለን። እዚያ ይራገፋል፣ መጋዘን ይገባል፣ ይበጠራል፣ ይመረመራል። ከዚያ ኮንቴይነር ተፈልጎ እንደገና ይጫናል። አንድ ጆንያ ከአጋሮ ተነሥቶ መርከብ ላይ እስኪወጣ ድረስ በስንት ሰው ትከሻ ላይ እንደሚያልፍ አስቡት። በእያንዳንዱ ትከሻ ክፍያ አለ፤ የሚቀደድ ጆንያና የሚፈስ ቡናም አለ።

አሁን የሚከነክነኝን ልንገራችሁ። ማሽኑን የያዘው ኮንቴይነር በመጨረሻ አጋሮ መድረሱ አይቀርም። ማሽኑ ሲወርድ ኮንቴይነሩ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ባዶውን ተጉዞ ወደ ሞጆ ይመለሳል። በዚያው ሳምንት የእኔ ቡና በሌላ መኪና፣ በዚያው መንገድ፣ ሌላ ኪራይ ተከፍሎለት ይጓዛል። ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ ቡናዬን የማልሞላው ለምንድን ነው? የሚከለክለው ሕግ ነው፣ ልማድ ነው ወይስ እስከ ዛሬ አጥብቆ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ነው?

ትራንዚተር ነኝ (ሞጆ)

ወንድሜ፣ ሥራዬ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ማስለቀቅ ነውና መጀመሪያ የሚያቃጥለውን እናጥፋ። ቀን እየበላህ ያለው ማሽኑ ነው።

ጉምሩክ የሚጠይቅህ ግልጽ ነው፤ የመጣው አንድ ማሽን ነው ወይስ መለዋወጫ? በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ ደንብ ለማጓጓዝ እንዲመች ተፈታትቶ የመጣ ሙሉ ማሽን እንደ ሙሉ ማሽን ይመደባል። ደንቡ ለአንተ ያደላል ማለት ነው፤ ግን ማስረዳት አለብህ። ከሻጩ ሦስት ነገር ጠይቅ። የመጀመሪያው ክፍሎቹ በሙሉ የአንድ ማሽን አካል መሆናቸውን የሚገልጽና የፋብሪካውን የማሽን መለያ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የተስተካከለ ፓኪንግ ሊስት ነው፤ የተጣራውና ጠቅላላው ክብደት ለየብቻ ይጻፍበት። ሦስተኛው የመገጣጠሚያው ንድፍ ነው። ንድፉን የሚንቁት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ፈታሹ ንድፉን በእጁ ይዞ ሣጥን በሣጥን ሲያመሳክር ጉዳዩ በአንድ ከሰዓት ሲያልቅ አይቻለሁ።

የክብደቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእንጨት ሣጥኑና ከመደገፊያው ነው። ሻጩ የማሽኑን የተጣራ ክብደት ሲጽፍ መርከቡ የሚመዝነው ከነማሸጊያው ነው። ይህ ከተረጋገጠ ችግር የለውም። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ራሱ ከተሳሳተ ግን ማረሚያው የሚወጣው ከአጓጓዡ ስለሆነ ዛሬውኑ ጻፍላቸው፤ ነገ አትበል።

በምደባው ካልተስማማህ ዝም ብለህ አትክፈል፤ ዝም ብለህም አትቀመጥ። ቅሬታ ማቅረብ መብትህ ነው፤ ክርክሩ እየቀጠለ ዋስትና አስይዞ ዕቃን የማስለቀቅ ጥያቄም በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። የማከማቻ ጊዜው ካለፈ ዕቃው እንደተተወ ሊቆጠር እንደሚችል አትርሳ። ተስፋ ቆርጠው ዕቃቸውን ጥለው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የሰነዶቹን ረቂቅ ዕቃው ከመጫኑ በፊት አስልኩና ለትራንዚተራችሁ አሳዩት። መርከቡ ከተነሣ በኋላ አንድ ቁጥር ማረም ገንዘብና ሳምንታት ይፈልጋል። ከመነሣቱ በፊት አንድ መልእክት ይበቃዋል።

ጅማ መርካቶ (ጅማ)

የግንባታ ዕቃና ጎማ አስመጣለሁ። ስለ ባዶ ኮንቴይነር ለተነሣው ጥያቄ ከአስመጪ በኩል ያለውን እውነት ልናገር።

የጅማ አስመጪ ኮንቴይነሩን ጅማ ድረስ የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛው ዕቃ ሞጆ ወይም ቃሊቲ ላይ ተፈትሾ ከኮንቴይነሩ ይወጣና በተራ የጭነት መኪና ይመጣል። ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ከግቢው ሲወጣ ማስያዣ ይጠየቃል፤ የመመለሻ ቀንም ይቆረጥለታል። በጊቤ በረሃ በኩል ወጥቶ፣ ጅማ ደርሶ፣ ተራግፎ፣ ተመልሶ ሞጆ እስኪገባ ቀኑ ያልፋል። አንድ ጎማ ቢፈነዳ፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም በዓል ቢገባ ዲመሬጅ ነው፤ ኮንቴይነሩ ለዘገየበት ቀን ሁሉ እንከፍላለን። ስለዚህ እዚያው አራግፈን እንገላገላለን።

ይህንን ስናደርግ የምናጣው ግን ቀላል አይደለም። ሴራሚክ ከኮንቴይነር ወደ መኪና ሲገለበጥ የሚሰበረውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮንቴይነሩ እስከ መደብሬ ደጃፍ ቢመጣልኝና እዚያው ቡና ላኪ ተረክቦኝ ቢሄድ የመመለሻው ወጪ ከእኔ ላይ ይወርድልኛል። የጠያቂው ሐሳብ ለእኔም ይጠቅመኛል ማለት ነው። ማን ያገናኘን? ጉዳዩ ይሄ ነው።

ቅምሻ ቤት (አዲስ አበባ፣ ትውልደ ጅማ)

እኔ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ በጥራት ክፍል ነው የምሠራው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ግን እባካችሁ ኮንቴይነር ሁሉ ለቡና ይሆናል ብላችሁ አትነሡ። ጎማ ወይም ኬሚካል የመጣበት ኮንቴይነር ውስጥ ቡና ማስገባት ዓመት ሙሉ የተደከመበትን ምርት ማበላሸት ነው። ቡና ሽታ ይስባል። ገዢው ሃምቡርግ ወይም ጄዳ ላይ ናሙና ቆልቶ ሲቀምስ የጎማ ሽታ ከመጣበት የጅማ ስም ነው የሚነሣው።

እኛ እንዴት እንደምንፈትሽ ልንገራችሁ። በጠራራ ፀሐይ ኮንቴይነሩ ውስጥ እገባለሁ፤ ረዳቴ ሁለቱንም በር ከውጭ ይዘጋልኛል። ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ከዚያ ጣሪያውን፣ ማዕዘኖቹንና የበሩን ላስቲክ እያንዳንዱን አያለሁ። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ከታየች ኮንቴይነሩ አይሆንም፤ ብርሃን የገባበት ዝናብም ይገባበታል። እዚያው ቆሜ አሸታለሁ፤ በተዘጋ ቦታ ሽታ አይደበቅም። በመጨረሻ ተንበርክኬ ወለሉን በመዳፌ እዳስሳለሁ፤ እንጨቱ እርጥበት ከያዘ፣ ዘይት ከጠጣ ወይም ሚስማር ከተረፈበት ይመለሳል። ካለፈ ግድግዳው በወፍራም ወረቀት ይሸፈናል፤ እርጥበት የሚስብ ከረጢትም ይሰቀላል። ቡናው ከሞቃት አገር ወደ ቀዝቃዛ ሲጓዝ የኮንቴይነሩ ጣሪያ ያልበዋል፤ የላይኛው ጆንያ የሚሻግተው በዚያ ነው። ቡናው ራሱ ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ከተጫነ ደግሞ ወረቀቱም ከረጢቱም አያድነውም።

የመፈልፈያ ማሽን የመጣበት ግን የዘይት ፍሳሽ ከሌለ ጥሩ ዕጩ ነው። ሴራሚክም እንደዚሁ።

ሌላ ያልተነሣ ነገር አለ። ለወጪ ንግድ የሚሆን ቡና ማበጠሪያና ማዘጋጃ በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የመጨረሻው የጥራት ምርመራና ቅምሻ የሚካሄደውም እዚያው ነው። ስለዚህ ቡናው አጋሮ ላይ ለመርከብ ዝግጁ ሆኖ ቢጠብቅ እንኳ የምስክር ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ነው የሚጠበቀው። ማነቆው ከኮንቴይነሩ በፊት እዚህ ላይ አለ ባይ ነኝ። ናሙናው በአግባቡ ተወስዶና ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ እየተላከ፣ ቡናው ጅማ ላይ በጉምሩክ ፊት ቢጫንና ቢታሸግ ብዙ ነገር ይቃለል ነበር። ጅማ የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አላት፤ በመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል አላት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። የባለሙያ ድሃ ከተማ አይደለችም።

የጎማ ቡና (አጋሮ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍተሻውን ነገር አትሜ መጋዘናችን ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ጋሼ ትራንዚተር፣ ለሻጩ ደብዳቤውንና ንድፉን በኢሜይል ጠይቄያለሁ፤ መልሱን እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።

ተሳቢ ነጂ (ሞጆ–ጅቡቲ–ጅማ)

የመኪናውን ነገር እኔ ልንገራችሁ፤ መሪው ላይ ያረጀሁ ነኝ።

ባለ ተሳቢ መኪና ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ነው የሚጭነው። አንድ ሰው አንድ ኮንቴይነር ይዞ ቢመጣ ተሳቢው ባዶውን ይጎተታል፤ ኪራዩም የማይቀመስ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ኑ። አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ይይዛል፤ 19.2 ቶን ቡና ማለት ነው። የኮንቴይነሩ ክብደት ከሁለት ቶን በላይ ስለሆነ ሁለት ሙሉ ኮንቴይነር ወደ 43 ቶን ይጠጋል። መንገድ ላይ ሚዛን አለ፤ የጭነቱን ልክና የአክስሉን ክብደት ከባለ መኪናው ጋር ሳትነጋገሩ አትነሡ።

አጋሮ ላይ ኮንቴይነር የሚያነሣ ክሬን ስለሌለ ኮንቴይነሩ ከመኪናው ሳይወርድ ነው ማሽኑ የሚወጣውና ቡናው የሚገባው። እኔ በዚህ ጊዜ ቆሜ መጠበቄ ነው። ማራገፉና መጫኑ በአንድ ቀን ካለቀ ማንም ሾፌር ደስ ብሎት ይሠራዋል። ካላለቀና «ነገ ቡናው ይመጣል» ካላችሁኝ የቆመ መኪና ገንዘብ ነው የሚበላው።

ወቅቱንም አስቡ። የእናንተ ቡና ወደ ውጭ የሚጎርፈው ከጥር ወዲያ ነው። ማዳበሪያም ከጅቡቲ ወደ አገር ቤት የሚጎርፈው ለክረምቱ እርሻ እንዲደርስ በዚሁ ጊዜ ነው፤ ለማዳበሪያ ደግሞ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሊሰጥም ይገባል፤ የገበሬ ነገር ነው። መኪናው ሁሉ ወደዚያ ሲዞር የቀረው ኪራዩን ይቆልላል። የመኪና ውል በጥቅምት ወይም በኅዳር ያሰረ ላኪ በየካቲት እንቅልፉን ይተኛል።

ማዳበሪያ ጭኖ ጅማ የሚገባው መኪና ሲመለስ ምን ይጭናል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛው ባዶውን ነው የሚመለሰው። ኮንቴይነር ባይሆንም በጆንያ ለሚሄደው ቡናችሁ እርሱን ያዙት፤ በጥሩ ዋጋ ይወስድላችኋል። ግን የመኪናው አልጋ በውኃ ታጥቦና ደርቆ፣ ሸራው ንጹሕ ሆኖ ይሁን። ማዳበሪያም ሽታ አለው።

ከቦንጋ (ቦንጋ)

እኛ ጋ ኮረሪማና ማር አለ። በኮንቴይነር የሚሞላ ብዛት የለንም። ከቡናው ጋር መጋራት ይቻላል?

ቅምሻ ቤት (አዲስ አበባ፣ ትውልደ ጅማ)

ኮረሪማን ከቡና ጋር በአንድ ኮንቴይነር? በፍጹም አይሆንም። ኮረሪማ ቅመም ነው፤ ሽታው ሁሉንም ይወርሳል። ለእናንተ የሚሻለው የብዙ ላኪዎችን ትንንሽ ጭነት ሰብስቦ በአንድ ኮንቴይነር የሚልክ አስተላላፊ አዲስ አበባ ላይ መፈለግ ነው።

የባሕር በር (ጅማ)

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ቅርንጫፉን እየቆረጣችሁ ሥሩን ትታችሁታል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ከወጪና ገቢ ንግዱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በአንድ የጎረቤት ወደብ እያመላለሰ የኮንቴይነር ቀዳዳ ብንፈትሽ ምን ይረባል? እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብን እንጠቀም ነበር። ዛሬ ወደብ የሌለን መሆኑ ነው ዋናው ወጪ። ከኅዳር 2016 ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲከፈት ወደ አውሮፓ የሚሄደው ጭነት በደቡብ አፍሪካ ዞሮ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲጓዝ አይተናል። የመድን ዋጋውም የመርከቡ ዋጋም ጨመረ። ያንን የጅማ ትራንዚተር ሊፈታው ነው?

ትራንዚተር ነኝ (ሞጆ)

ወንድሜ፣ ስለ ባሕር በር ያለህ ቁጭት የእኔም ቁጭት ነው። ግን ለአጋሮው ነጋዴ ዛሬ ምን እንበለው? ወደብ እስኪኖረን ጠብቅ?

ላስረዳህ። ከጅቡቲ ወደ አውሮፓ ያለው የመርከብ ኪራይ ለኬንያውም ለታንዛኒያውም ላኪ ሲጨምር ይጨምራል፤ ሲቀንስም ይቀንሳል። ከእነርሱ የምንለየው ከመርከቡ በፊት ባለው መንገድ ነው። ቡናው አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ የምስክር ወረቀት ሲጠብቅ፣ መኪና ሲጠፋ፣ የባንክ ሰነድ ሲዘገይ፣ ቀኑ የሚባክነው በእኛው መሬት ላይ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የምድር ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ከጀመረ ወዲህ 750 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ኮንቴይነር በአንድ ቀን ገደማ ሊያልፈው ይችላል። ያው ኮንቴይነር ግን ባቡሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት በአንድ የጎደለ ፊርማ ምክንያት ከዚያ በላይ ቆሞ ያድራል። በእጃችን ያለውን እናስተካክል ነው የምለው፤ ሌላውን አንርሳ፤ ግን ሰበብ አናድርገው።

የባሕር በር (ጅማ)

በእጃችን ያለውን እናስተካክል ባልከው እስማማለሁ። ነገር ግን አንድ መንገድ ብቻ ያለው ነጋዴ የመደራደር አቅም የለውም፤ ይህንን ሳልናገር አላልፍም። የሶማሌላንዱ በርበራም ሆነ የኬንያው ላሙ ወደብ በደንብ ቢሠሩ የጅቡቲውም አገልግሎት ይሻሻላል። ውድድር ነው የሚያስተካክለው። በአገር ውስጥም ቢሆን የመልቲሞዳል ሥራ (ጭነትን በባሕርም በየብስም በአንድ ውል ማጓጓዝ) ለአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ተትቶ ሲቆይ፣ በቅርብ ዓመታት ለግል ኦፕሬተሮች ፈቃድ መሰጠቱን በደስታ ነው ያየሁት።

ባንክ ቤት (ጅማ)

የምሠራው በባንክ የዓለም አቀፍ ንግድ አገልግሎት ክፍል ነው። ስለ መንገዱ ሁላችሁም በደንብ ተናግራችኋል፤ መንገዱ ላይ የሚያድረው ገንዘብ ግን ተረስቷል።

ላኪው እሸት የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው። ገበሬው በዱቤ አይሸጥም፤ ሊሸጥም አይገባውም። ያ ገንዘብ በአብዛኛው ብድር ነው፤ ወለዱ ቡናው መጋዘን ውስጥ ተኝቶም ይሠራል። በሰነድ ላይ ክፍያ የሚሸጥ ከሆነ ገንዘቡ የሚመጣው ቡናው ተጭኖ፣ ሰነዱ በባንክ በኩል ሄዶ፣ ገዢው ሲከፍል ነው። ስለዚህ ከአጋሮ እስከ ጅቡቲ የሚባክነው እያንዳንዱ ሳምንት የወለድ ሳምንት ነው። በየካቲት 2017 የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ እሸቱን ለመግዛት የሚያስፈልገው ብድርም አብሮ ነው የጨመረው። ትንንሽ ላኪዎች የተንገዳገዱት ዋጋ ወርዶ ሳይሆን ዋጋ ወጥቶ ገንዘባቸው መንገድ ላይ ስለታሰረባቸው ነው። ይህንን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ አይቼዋለሁ፤ ያሳዝናል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ላኪው ካገኘው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን በራሱ ሒሳብ መያዝ እንዲችል ተደርጓል። ለአጋሮው ወንድማችን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ላኪም አስመጪም ስለሆነ ቡናው ያመጣውን ዶላር ለማሽኑ መለዋወጫ ማዋል ይችላል። አጠቃቀሙንና የጊዜ ገደቡን ግን ዶላሩ ከመግባቱ በፊት ከባንካችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ መመሪያዎች ይሻሻላሉ።

በሌላ በኩል ብሩ ሲዳከም የቀረጥ ማስያው አብሮ ያብጣል። ቀረጥ የሚሰላው የዕቃው ዋጋ፣ መድኑና ማጓጓዣው ተደምሮ በብር ተመንዝሮ ነው። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ በንግድ ዕቃ ላይ 3 በመቶ ቅድመ ግብርም አለ። ማሽን ያዘዘ ሰው ኤል ሲ (በባንክ በኩል ለሻጩ የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ሲከፍት የነበረውን ሒሳብ ይዞ ሞጆ ከደረሰ የሚከፍለው ያጥረዋል። መጠባበቂያ ያዙ።

ኅብረት ሥራ (ሊሙ ገነት)

አንድ ነገር ጨምሬ ልሂድ፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እርሱ ነው።

ቡናችንን የሚገዛው አውሮፓ ከደን ጭፍጨፋ ጋር በተያያዘ ሕግ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና አይገባም። ገዢው ያንን የሚያረጋግጠው ቡናው የተለቀመበትን እያንዳንዱን ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ አስመዝግቦ ነው፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያ ወሰኑ ይጠየቃል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ አሁን ለትልልቆቹ ኩባንያዎች የተያዘው ቀን ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ነው። ተራዘመ ብለን ከተኛን አለቀልን።

የሊሙና የጎማ ወረዳ ቡና በአብዛኛው በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅል ነው። ደን ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ነው ደን አላጠፋሁም ብሎ እንዲያስረዳ የሚጠየቀው። ቁጭቱ ቢኖርም መረጃውን መሰብሰብ ግዴታ ነው። እኛ ከአባሎቻችን ቤት ለቤት እየዞርን በስልክ ነጥብ እንይዛለን። አስቸጋሪው ስልኩ አይደለም፤ ቡናው ሲሰበሰብ መደባለቁ ነው። ነጥቡ የተያዘለትና ያልተያዘለት ገበሬ እሸት በአንድ ገንዳ ከታጠበ የያዝነው ነጥብ ሁሉ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ኮንቴይነሩን ጅማ ላይ የመሙላቱ ነገር ለዚህም ይጠቅማል። አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ከሌላ ቡና ጋር የመቀላቀል ዕድሉ ይዘጋል። የማን ማሳ ቡና በየትኛው ኮንቴይነር ገባ የሚለውን እዚሁ ዘግቶ መላክ ይቻላል።

ጅማ መርካቶ (ጅማ)

ይህንን ሳነብ ሐሳቡ ከኪራይ ቁጠባ በላይ እንደሆነ ገባኝ። ኅብረት ሥራው ያነሣው ብቻውን ይበቃል።

የጎማ ቡና (አጋሮ)

ወገኖቼ፣ ቃል በገባሁት መሠረት ተመልሻለሁ።

ማሽኑ ወጥቷል! ሻጩ የማሽን መለያ ቁጥር ያለበትን ደብዳቤ፣ የታረመውን ፓኪንግ ሊስትና ንድፉን ልኳል። ክብደቱም ጋሼ እንዳሉት የእንጨት ሣጥኑ ነበር። ፈታሹ ንድፉን ይዞ ሣጥኖቹን አመሳክሮ ሙሉ ማሽን ብሎ መደበው። የተከፈለው የማከማቻ ክፍያ ባይመለስም ማሽኑ ለቀጣዩ ለቀማ ይደርሳል። ጋሼ ትራንዚተር፣ እድሜ ይስጥዎት።

ስለ ኮንቴይነሩም የመርከብ ድርጅቱን ወኪል በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አግኝቻለሁ። አይቻልም አላሉኝም። ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አለ። ቡናው የሚሄደው በዚያው ድርጅት መርከብ መሆን አለበት፤ ቦታውም ኮንቴይነሩ ከሞጆ ከመውጣቱ በፊት መያዝ አለበት። ኮንቴይነሩ ለምግብ ዕቃ ብቁ መሆኑን ላኪው አስፈትሾ ኃላፊነት ይወስዳል። ማስያዣው ከአስመጪው ወደ ላኪው ስም ይዛወራል፤ ዲመሬጅ የማይከፈልበት ነጻ ቀንም አዲስ ተቆጥሮ ይሰጣል። በእኔ ጉዳይ አስመጪውም ላኪውም እኔ ስለሆንሁ ማዛወሩ ቀላል ነው።

የቀረኝ የምስክር ወረቀቱና የጉምሩክ እሽጉ ነው። ጅማ ላይ በጉምሩክ ፊት ተጭኖ እንዲታሸግ፣ ናሙናው ቀድሞ አዲስ አበባ እንዲመረመር የሚጠይቅ ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው። የአንድ ሰው ማመልከቻ አንድ ሰው ነው። ኅብረት ሥራው፣ የመርካቶው ወንድሜና ሌሎች ላኪዎች አብራችሁ ብትፈርሙ ክብደት ይኖረዋል።

ቅምሻ ቤት (አዲስ አበባ፣ ትውልደ ጅማ)

ማመልከቻው ላይ ናሙና አወሳሰዱን በዝርዝር አስገባው። ከስንት ጆንያ አንዱ እንደሚወጋ፣ ማን እንደሚያሽገው፣ ናሙናው ሲላክ ቡናው የት ተዘግቶ እንደሚቆይ ይጻፍ። የሚፈሩት ናሙናው ሌላ፣ የተጫነው ሌላ እንዳይሆን ነው። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ አስቀድማችሁ መልሱላቸው። ረቂቁን ላክልኝ፣ አየዋለሁ።

ኅብረት ሥራ (ሊሙ ገነት)

እንፈርማለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ለቦርዱ አቀርበዋለሁ።

ተሳቢ ነጂ (ሞጆ–ጅቡቲ–ጅማ)

ሁለተኛውን ኮንቴይነር ማን ይዞ ይመጣል? መኪናውን ከወዲሁ ልያዝላችሁ።

ጅማ መርካቶ (ጅማ)

በመጋቢት አንድ ባለ 20 ጫማ ሴራሚክ ይገባልኛል፤ የመርከብ ድርጅቱም ያው የአጋሮው ወንድሜ የጠየቀው ነው። የዚህን ጊዜ ሞጆ ላይ አላራግፈውም፤ እስከ ጅማ አመጣዋለሁ። የአጋሮው ወንድሜ፣ ማሽንህን ሞጆ ላይ አስጭነህ ለመነሣት የተስማማኸው ለመቼ ነው? በአንድ መኪና እንዲመጡ ቀኑን እናቀናጅ፤ በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ።